ከፊት ወደ ልብ፦ የአንድ አሮጌ ክርክር ታሪክ

ለቅሶ ቤት የደረሰ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። ከሟቹ ጋር ብዙም ቅርበት ያልነበረው ጎረቤት ዐይኑ ደርቆ፣ ሐሳቡ በዕለት ጉዳዩ ተይዞ ይመጣል። ከደጃፉ ሲደርስ ነጠላውን ይዘቀዝቃል፤ ፊቱን ያጠቁራል፤ እንደ ወጉም ድምፁን ከፍ አድርጎ «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለ ይገባል። እስከዚህ ድረስ ያለው ሥርዓት ነው፤ ግብዝነት ነው ብሎ የሚነቅፈውም የለም። ጥቂት ቆይቶ አስለቃሿ ሙሾዋን ስታወርድ ግን ያ ለሥርዓት የጠቆረ ፊት በእውነተኛ እንባ ይርሳል። ሰውዬው የሚያለቅሰው ለዛሬው ሟች ይሁን ከዓመታት በፊት ለቀበራት እናቱ እሱ ራሱ ለይቶ አያውቀውም። ፊቱ ቀድሞ ሄዷል፤ ልቡ ኋላ ደርሷል።

በአንጻሩ ይኸው ቋንቋችን «ጥርስ ባዳ ነው» ይላል። ሆድ እያረረ ጥርስ ሊስቅ ይችላልና ፊትን አይታችሁ ልብን አወቅን አትበሉ ማለቱ ነው። እንግዲህ የትኛው ነው እውነቱ? ፊት የልብ መልእክተኛ ብቻ ነው? ወይስ ልብን የሚያዝበት ጊዜ አለ? ወይስ ከነአካቴው ባዳ ነው? ጥያቄው የፈላስፎች ይመስላል፤ ከፈላስፎች ይበልጥ ሲያስጨንቅ የኖረው ግን የቴአትር ሰዎችን ነው፤ ሙያቸው በእሱ ላይ ቆሟልና። የዚህን ክርክር ታሪክ እንድከታተል ያነሣሣኝም በራሴ እጅ የተፈጸመ ስሕተት ነው።

ከዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ በፊት የመጀመሪያ ተውኔቴን ሳዘጋጅ፣ ልጇ የሞተባትን እናት የምትጫወት አንዲት ወጣት ነበረች። እንባው እንቢ አላት። እኔም የዩኒቨርስቲ ትምህርቴ ገና ትኩስ ስለ ነበረ ሁሉን የማውቅ መስሎኝ፣ መስተዋት ፊት ቁጭ ብላ የኀዘንን ገጽታ እንድትለማመድ አዘዝኋት። ቅንድቧን እንዴት እንደምታነሣ፣ የከንፈሯን ጫፍ እንዴት እንደምትጥል፣ አገጯን እንዴት እንደምታንቀጠቅጥ አንድ በአንድ አሳየኋት። በሦስተኛው ሳምንት ገጽታው ከነዝርዝሩ ተገኘ። ነገር ግን ማኅተም ነበር፤ በየማታው አንድ ዓይነት ሆኖ የሚመታ ማኅተም። ልጅቷ ራሷ፣ «ፊቴ ሲያለቅስ እኔ ከውጭ ቆሜ አየዋለሁ» አለችኝ። ይህ ንግግር በውስጡ ምን ያህል እውቀት እንደ ነበረው የገባኝ ብዙ ቆይቶ ነው። ያን ጊዜ ግን ጥፋቱን በእሷ ላይ ጣልሁ፤ ስሜት የላትም አልሁ፤ በሰው ፊት አልሁ። ተውኔቱ ከመድረክ ሲወርድ እሷም ሙያውን ተወች።

ወደ ታሪኩ እንለፍ። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

በአንደኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ የሮማው የንግግር ጥበብ መምህር ኩዊንቲሊያን፣ ተዋንያን ከባድ ትዕይንት ጨርሰው ጭምብላቸውን ካወለቁ በኋላ እያለቀሱ ሲወጡ ማየቱን ጽፏል። በዚህ ታሪክ የሚያስደንቀኝ ጭምብሉ ነው። ያ ተዋናይ በጨዋታው ላይ ሳለ ፊቱን የሚያይለት ተመልካች አልነበረም፤ ራሱም ፊቱን ሊያሰማምር ምክንያት አልነበረውም። ድምፁንና አካሉን ለገጸ ባሕርይው ሰጠ፤ እንባው ከጭምብሉ ሥር ማንም ሳያዝዘው መጣ። ከኩዊንቲሊያን ቀጥሎ በነበረው መቶ ዓመት ደግሞ አውሉስ ጌሊዩስ ስለ ግሪካዊው ተዋናይ ስለ ፖሉስ ይተርካል። ፖሉስ የሶፎክልስን ኤሌክትራ ሲጫወት የወንድሟ አመድ ያለበት የሚባለውን ዕቃ ታቅፎ ማልቀስ ነበረበት። በዚያው ሰሞን የሚወደው ልጁ ሞቶበት ስለ ነበር የልጁን አመድ ከመቃብሩ አስወጥቶ ያንኑ ታቅፎ መድረክ ላይ ወጣ። ተመልካቹ ያየው ተውኔት ሳይሆን የአባት ኀዘን ነበር። እነዚህ ሁለት ታሪኮች መንገዱን በሁለት ይከፍሉታል። ፖሉስ ከልቡ ተነሥቶ ወደ ፊቱ መጣ፤ የኩዊንቲሊያን ተዋናይ ግን ከቃሉና ከአካሉ ተነሥቶ ወደ ልቡ ገባ።

ሁለተኛውን መንገድ በግልጽ የመሰከረው ኤድመንድ በርክ ነው። እሱ በ1757 ስለ ውበትና ስለ ግርማ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ የጣሊያናዊውን የካምፓኔላን ልማድ ያነሣል። ካምፓኔላ ለብዙ ዘመን የታሰረ ፈላስፋ ነው፤ የሰውን ሐሳብ ማወቅ ሲፈልግ የዚያን ሰው ፊትና አኳኋን የቻለውን ያህል አስመስሎ ይይዝና በራሱ ልቡና ምን እንደሚነሣ ይጠባበቅ ነበር ይባላል። በርክ ይህን ካወሳ በኋላ የራሱንም ይጨምርበታል፤ የተቆጣን ወይም የፈራን ሰው ፊት አስመስሎ በያዘ ጊዜ ሳይፈልገው ሐሳቡ ወደዚያው ስሜት ሲዞር ማግኘቱን ይናገራል። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1767፣ ሌሲንግ በሐምቡርግ ቴአትር ላይ በጻፋቸው ሒሶች ይህንኑ ለተዋናይ መመሪያ አደረገው። ተዋናዩ የቁጣን ውጫዊ ምልክቶች፣ ማለትም የተጣደፈውን እርምጃ፣ የሻከረውን ድምፅ፣ የቅንድቡን እንቅስቃሴ፣ የከንፈሩን መንቀጥቀጥ በትክክል ከያዘ፣ ደብዘዝ ያለ የቁጣ ስሜት በውስጡ ይነሣል፤ ያ ስሜት ደግሞ በተራው በፈቃድ የማይመጡትን ምልክቶች፣ የፊቱን መቅላትና የዐይኑን መንቦግቦግ ይጠራል። ክብ መንገድ ነው፤ ከፊት ወደ ልብ፣ ከልብ ተመልሶ ወደ ፊት።

ይህን ሁሉ ሊያፈርስ የተነሣው ዲዴሮ ነበር። «የተዋናይ ተቃርኖ» ብለን ልንጠራው የምንችለውን ድርሰቱን በ1770ዎቹ መጀመሪያ ጻፈው፤ የታተመው ግን ከሞተ ከብዙ ዘመን በኋላ በ1830 ነው። ክርክሩ ጭካኔ አለበት፤ ታላቅ ተዋናይ የሚያደርገው አለመሰማት ነው ይላል። ለዚህም እንግሊዛዊውን ጋሪክን ምስክር ይጠራል። ጋሪክ በበር መዝጊያዎች መካከል ራሱን ብቅ አድርጎ በአራትና በአምስት ሴኮንድ ውስጥ ፊቱን ከፈንጠዝያ ወደ እርጋታ፣ ከእርጋታ ወደ መደነቅ፣ ከዚያም ወደ ፍርሃትና ወደ ተስፋ መቁረጥ አሳልፎ መልሶ ከተነሣበት ያደርሰዋል። ይህ ሁሉ ስሜት በዚያች ቅጽበት በነፍሱ ውስጥ አለፈ ብሎ የሚያምን አለን? ሲል ዲዴሮ ይጠይቃል። ስለ ተዋናይቷ ስለ ክሌሮን የጻፈው ደግሞ ይበልጥ ይነካኛል። ክሌሮን ስትለማመድ ትሠቃያለች፤ ገጸ ባሕርይዋን አንዴ ከጨበጠች በኋላ ግን ከፍ ካለ ቦታ ሆና ራሷን ታያለች፣ ትሰማለች፣ ትዳኛለች። አንድም ሁለትም ናት። የዲዴሮ ሐሳብ ሲጠቀስ «ተዋናይ አይሰማው» የሚለው ብቻ ይነሣል። ከስሜት ያራቃት ራሷን የምታየው ዐይን መሆኑን ግን እሱው እግረ መንገዱን ጽፎታል። የእኔይቱ ወጣት «ከውጭ ቆሜ አየዋለሁ» ስትል የክሌሮንን ነገር ነው የነገረችኝ። ክሌሮን ወደዚያ ሰገነት የወጣችው ብዙ ከተሠቃየች በኋላ ነበር፤ እኔ ልጅቷን በመጀመሪያው ቀን ሰቀልኋት።

በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ነገሩ ከቴአትር ወደ ሐኪምና ወደ ተፈጥሮ ተመራማሪ እጅ ገባ። ፈረንሳዊው ሐኪም ዱሼን በ1862 ባሳተመው መጽሐፍ የአንድ ጥርስ አልባ ሽማግሌን የፊት ጡንቻዎች በኤሌክትሪክ እየነካ ፎቶግራፍ አነሣ። የሽማግሌው ፊት የመደንዘዝ ሕመም ስለ ነበረበት አያመውም ነበር። ዱሼን ያገኘው ትልቁ ነገር የከንፈርን ጫፍ ወደ ላይ የሚስበው ጡንቻ ለፈቃድ ሲታዘዝ በዐይን ዙሪያ ያለው ግን የሚነቃው በእውነተኛ ደስታ መሆኑ ነው። የኛ «ጥርስ ባዳ ነው» ባይ ዱሼንን ሳያነብ ይህን ያውቅ ነበር፤ ባዳ ያለው ጥርስን ነው፤ ዐይንን አላለም።

የዱሼንን ፎቶግራፎች ዳርዊን በ1872 ስለ ሰውና ስለ እንስሳት የስሜት መግለጫዎች ባወጣው መጽሐፍ ተጠቀመባቸው። የኢትዮጵያ ስም በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ዳርዊን የፊት ገጽታ በሰው ዘር ሁሉ አንድ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ 16 ጥያቄዎች አሳትሞ በ1867 በየአህጉሩ ላሉ ሰዎች ላከ። ስለ ሐበሾች የነገረው በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን አገራችን የኖረው፣ በኋላም ከናፒየር ጦር ጋር አስተርጓሚ ሆኖ የመጣው ካፕቴን ስፒዲ ነው፤ የአገራችን ሰዎች ባሻ ፈለቀ የሚሉት። ሐበሾች እምቢታቸውን ራሳቸውን ወደ ቀኝ ትከሻ ወርወር አድርገው፣ አፋቸውን እንደ ዘጉ ምላሳቸውን ጠቅ በማድረግ፣ እሺታቸውን ደግሞ ራሳቸውን ወደ ኋላ ሳብ፣ ቅንድባቸውን ለቅጽበት ከፍ በማድረግ ይገልጣሉ ሲል የነገረውን ዳርዊን መዝግቦታል። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ ዛሬም ቅንድባችን ያንኑ ያደርጋል። ባሻ ፈለቀ ሳይናገር ያለፈው ከቅንድቡ ጋር ወደ ውስጥ የምንስበውን ትንፋሽ ነው።

በዚህ አጋጣሚ ከሐሳቤ ፈቀቅ ብል አንባቢ ይቅር ይበለኝ። በ1868 ዳርዊን ከቤተ ሰቡ ጋር ዋይት በምትባለው የእንግሊዝ ደሴት ሲያርፍ፣ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የምትባለዋ ፎቶግራፍ አንሺ ምስሉን አነሣችው። በዚያው ዓመት፣ በዚያችው ደሴት፣ ባሻ ፈለቀንና በእጁ የነበረውን የሰባት ዓመት ልጅ ልዑል ዓለማየሁን አነሣቻቸው። ልጁ አባቱን በሚያዝያ በመቅደላ ካጣ፣ እናቱ እቴጌ ጥሩ ወርቅም በጉዞ ላይ ከሞተችበት ገና ወራት ብቻ ነበሩ። በ18 ዓመቱ በ1879 እዚያው እንግሊዝ አገር ሞቶ በዊንድዘር ተቀበረ። ያንን ምስል ያየ ሁሉ ስለ ዐይኑ ትካዜ ይናገራል፤ እኔም ተናግሬአለሁ። ነገር ግን የካሜሮን ፎቶግራፍ ለማንሣት ደቂቃዎችን ይፈጅ ነበር፤ የሚነሣው ሰው ሳይነቃነቅ፣ ፈገግታም ሳያሳይ፣ እየታየ መሆኑን እያወቀ መቀመጥ ነበረበት። በዚያ ፊት ላይ የልጁ ኀዘን የቱ ነው? የመታየት ድካምስ የቱ ነው? አላውቅም። ኀዘኑ እንደ ነበረ ግን ፎቶግራፉ ባይኖርም እናውቀዋለን።

ወደ ዳርዊን ልመለስ። በመጽሐፉ መዝጊያ ላይ፣ ስሜትን በውጫዊ ምልክት በነጻ መግለጥ ያበረታዋል፤ ማፈን ያለዝበዋል፤ ማስመሰል እንኳ ስሜቱን በውስጣችን ወደ መቀስቀስ ያዘነብላል ይላል። ለዚህም ምስክር አድርጎ የጠራው ሐምሌትን ነው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰውን ሐምሌት ያነበበ ሁሉ ያስታውሰዋል፤ መንገደኛው ተዋናይ ስለ ሄኩባ ሲያነበንብ ፊቱ ይገረጣል፣ ዐይኑ እንባ ያቀርራል፤ አባቱ የተገደለበት ልዑል ግን አያለቅስም። የራሱን ዝምታ ሲመረምር፣ ራሱን ሲወቅስ፣ ወቀሳውንም መልሶ ሲመረምር ይኖራል። ሼክስፒር ሁለቱን ሰዎች አንድ መድረክ ላይ አቆማቸው፤ አንዱ ፊቱን ለቃሉ አሳልፎ ሰጥቷል፤ ሌላው ዐይኑን ከራሱ ላይ ማንሣት አልቻለም።

ዊልያም ጄምስ በ1884፣ የዴንማርኩ ሐኪም ላንጌ ደግሞ በ1885፣ አንዱ ከሌላው ሳይመካከር፣ ነገሩን እስከ ጫፉ ወሰዱት። በጄምስ አባባል የምናለቅሰው ስላዘንን አይደለም፤ የምናዝነው ስላለቀስን ነው። ስሜት የሚባለው የአካል ለውጥ በኛ ዘንድ መታወቁ ነው። ሐያሲው ዊልያም አርቸር በ1888 ባሳተመው መጽሐፍ በርካታ ተዋንያንን ጠይቆ ብዙዎቹ በመድረክ ላይ በእውነት እንደሚያለቅሱ፣ እንደሚገረጡም መሰከረ። ይሁን እንጂ የጄምስ ግንብ ሳይነቀነቅ አልቀረም። የሐርቫርዱ ሊቅ ካነን በ1927 እንዳስረዳው ልብ በቁጣም፣ በፍርሃትም፣ በትኩሳትም በአንድ ዓይነት ይመታል፤ አካል ብቻውን ስሜቶችን ለይቶ ሊነግረን አይችልም። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዓመታት ሐሳቡ በሥነ ልቡና ሰዎች ዘንድ ተገፍቶ ኖረ።

በዚህ መካከል በሞስኮ አንድ ሰው በራሱ ሥጋ ላይ ይመረምር ነበር። ስታኒስላቭስኪ በ1906 ፊንላንድ ውስጥ ሲያርፍ፣ በኢብሰን «የሕዝብ ጠላት» ውስጥ ዶክተር ስቶክማንን ሲጫወት የነበረውን አኳኋን አስታወሰ። አካሄዱና የእጁ እንቅስቃሴ ሁሉ እንደ ቀድሞው አለ፤ በውስጡ የነበረው ሕይወት ግን ከድቷል። ፊቱ ልቡን መጥራት ትቶ ልማድ ሆኗል። የሌሲንግን ክብ ለሚያምን ሰው ይህ ከባድ መርዶ ነው። ስታኒስላቭስኪ በኋላ የደረሰበት መድኃኒት ግን ፊትን መተው አልነበረም። የተዋናዩ ጠላት ከመድረኩ ባሻገር ያለው ያ ጥቁር ጉድጓድ፣ የተመልካቹ ዐይን ነው፤ ያ ዐይን በተዋናዩ ውስጥ ገብቶ የገዛ ዐይኑ ሲሆን ሁሉ ይደርቃል። ስለዚህ ተዋናዩ ትኩረቱን በመድረኩ ላይ ባለ ነገር፣ በአንድ መብራት፣ በአንድ ጽዋ፣ በባልደረባው ፊት ላይ እንዲጥል፣ በብዙ ሰው መካከል ብቻውን መሆንን እንዲማር አስተማረ። በ1938 ከመሞቱ በፊት በነበሩት ዓመታት ስሜትን በቀጥታ ከመፈለግ ይልቅ በትክክለኛ አካላዊ ድርጊት መቀስቀስን አጥብቆ ያዘ። ስሜትን አሳድደህ አትይዘውም፤ ሥራህን ስትሠራ ይመጣል እንደ ማለት ነው።

የሥነ ልቡና ሰዎች ወደዚሁ የተመለሱት ዘግይተው ነው። በ1974 አሜሪካዊው ጄምስ ሌይርድ የጡንቻን ኤሌክትሪክ የሚለካ መስሎ የተፈታኞቹን ፊት አንዴ በቁጣ፣ አንዴ በፈገግታ መልክ አስያዘ፤ ቁጣ የያዙት ቁጣ፣ ፈገግታ የያዙት ደስታ ተሰማቸው። በ1988 ጀርመናዊው ፍሪትዝ ሽትራክና ባልደረቦቹ ለአንዳንዶቹ እስክርቢቶ በጥርሳቸው፣ ለሌሎቹ በከንፈራቸው ብቻ አስይዘው የካርቱን ሥዕል አሳዩ። በጥርስ የያዘ ሰው ሳያውቀው የፈገግታን ጡንቻ ያንቀሳቅሳል፤ ሥዕሉም ይበልጥ አሳቀው። በሁለቱም ሙከራ ብልሃቱ ሰውዬው ፊቱ ምን እየሠራ እንደ ሆነ እንዳያስብ መደረጉ ነው። ለክርክሬ ባይመቸኝም ሊነገር የሚገባው ሌላ ሥራ አለ፤ በ1983 ፖል ኤክማንና ባልደረቦቹ ባለሙያ ተዋንያንን በመስተዋት እየረዱ ፊታቸውን ጡንቻ በጡንቻ ሲያስይዟቸው የልባቸው ምትና የጣታቸው ሙቀት ተለወጠ። መስተዋት ሁልጊዜ ጠላት አይደለም ማለት ነው። እንዲያውም በ1970ዎቹ በተደረጉ ሙከራዎች መስተዋት ፊት የተቀመጠ ሰው አስቀድሞ በውስጡ ያለው ስሜት ጎልቶ ተሰምቶታል። ያለውን ያጎላል፤ የሌለውን ግን መጥራት ሌላ ነገር ነው።

በ2016 በልዩ ልዩ አገሮች ያሉ 17 ቤተ ሙከራዎች፣ ወደ 1,900 በሚጠጉ ሰዎች ላይ የእስክርቢቶውን ፈተና ደገሙት። የመጀመሪያው ልዩነት በአሥር ነጥብ መለኪያ 0.82 ነበር፤ አሁን 0.03 ሆነ፤ ምንም አልተገኘም ማለት ይቻላል። ብዙዎች ነገሩ አበቃለት አሉ። ሽትራክ ግን አንድ ነገር ጠቆመ፤ በድጋሚው ሙከራ የተፈታኞቹን ፊት የሚቀርጽ ካሜራ ተደርጎ ነበር፤ በ1988 ግን አልነበረም። በኢየሩሳሌም ያሉ ተመራማሪዎች ይህን ለመለየት በ2018 ግማሹን በካሜራ ፊት፣ ግማሹን ያለ ካሜራ ፈተኑ። ካሜራ በሌለበት እስክርቢቶው አሳቀ፤ ካሜራ ባለበት አላሳቀም። የሚታይ ሰው ከውስጡ የሚመጣለትን ምልክት ማመን ትቶ ራሱን በሌላ ሰው ዐይን ማየት ይጀምራል ሲሉ አስረዱ። በ2022 በ19 አገሮች 3,878 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ደግሞ የፈገግታን ፊት መያዝ በልክ ደስታን እንደሚያነሣ አረጋገጠ፤ ስለ እስክርቢቶው ግን ቁርጥ ያለ መልስ አልሰጠም።

የ2018ቱን ውጤት ሳነብ ያቺ ወጣት ትዝ አለችኝ። ፊቷን ማሠራቴ ስሕተት አልነበረም፤ ሌሲንግም ስታኒስላቭስኪም ይደግፉኛል። ስሕተቱ መስተዋቱን በልቧ ውስጥ መትከሌ ነበር። ባገኛት እነግራት ነበር፤ የት እንዳለች ግን የሚያውቅ አላገኘሁም።

ከዚያ ወዲህ ባዘጋጀሁት ሌላ ተውኔት ውስጥም የምታለቅስ እናት አለች። መስተዋቱን ከልምምድ ክፍል አስወጣሁ። ተዋናይቷን ስለ ፊቷ አንዲት ቃል አልተናገርኋትም፤ የልጁን ልብስ አንድ በአንድ እንድታጣጥፍ፣ ቁልፉ የወለቀውን ለይታ እንድታስቀምጥ ብቻ ነገርኋት። በብዙ ማታ ከሦስተኛው ሸሚዝ ላይ እንባዋ ይመጣል። አንዳንድ ማታ አይመጣም። ያን ጊዜ የዲዴሮ ተዋናይ ትሆናለች፤ ልብሱን አጣጥፋ ትነሣለች፤ ተመልካቹም እንደ ሌላው ማታ ያለቅሳል።